ሃይብሪድ ሀርድ ዲስክ ከመግዛትሽ በፊት

ሌላም ሰው ሲያነበው እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፎቶ አንሺ ነሽ። ላፕቶፕሽ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሀርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት። ዲስኩ ሞልቷል፣ ኮምፒውተሩም ከመዘግየቱ የተነሳ ከፍተሽው ሌላ ሥራ ሠርተሽ ነው የምትመለሺበት። አንድ ወዳጅሽ ደግሞ "1 ቴራባይት ሃይብሪድ ግዢ፣ ቦታውንም ፍጥነቱንም ባንዴ ታገኚዋለሽ" አለሽ። ሃይብሪድ የሚለው ትንሽ ፍላሽ ሜሞሪ የተጨመረለትን ሀርድ ዲስክ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽኝ።

ይቅርብሽ። ምክንያቱን ግን በደንብ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ይህን የመከረሽ ሰው ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ከአስር ዓመት በፊት ብትጠይቂኝ እኔም "ግዢው" እልሽ ነበር፣ ለስንት ሰውም ገጥሜያለሁ። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። ያንቺ ሥራ ደግሞ ሃይብሪድ ከሚያግዛቸው ሥራዎች ውስጥ አይደለም።

መጀመሪያ ላፕቶፕሽ ለምን እንደሚንቀራፈፍ እንይ። ዛሬ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ላፕቶፑን ክፈቺና መዳፍሽን የምታሳርፊበት ቦታ ላይ ጆሮሽን ጠጋ አድርጊ። ቅርቅርቅር የሚል ደቃቅ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ያ የሀርድ ዲስኩ ክንድ ነው። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን አለ፣ በአብዛኞቹ የላፕቶፕ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። ከሳህኑ በላይ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት፣ የሚያነብና የሚጽፍ ጭንቅላት ይንሳፈፋል። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሰው ያ ክንድ ነው። አንድ ፋይል ሲፈለግ ክንዱ መጀመሪያ ወደ ትክክለኛው መስመር ይሄዳል፣ ከዚያ ሳህኑ ዞሮ የተፈለገው ቦታ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ ይጠብቃል። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ በአማካይ ግማሽ ዙር ስለሚጠበቅ 5.6 ሚሊሰከንድ በዚህ ብቻ ይሄዳል። የክንዱ ጉዞ ሲጨመርበት ለአንድ ፍለጋ 15 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ቁጠሪው። በሰከንድ 60 ወይም 70 ፍለጋ ብቻ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ የተበታተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ንባቦችን ይጠይቃል። ያ ሁሉ ጥያቄ ባንዲት ክንድ ፊት ይሰለፋል። ኮምፒውተሩ በምን እንደተያዘ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ስትከፍቺ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ተይዟል የሚልሽ፣ ግን የሚያነበው በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜጋባይት ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ዲስኩ ሥራ የበዛበት በማንበብ ሳይሆን በመሮጥ ነው።

በሀርድ ዲስክ ምትክ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ውስጥ ግን የሚሽከረከርም የሚሮጥም ነገር የለም። መረጃው ያለው በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ላይ ነው፣ የትም ቦታ ይሁን 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያመጣዋል። ሰዎች ኤስኤስዲን ከሀርድ ዲስክ ጋር ሲያወዳድሩ "ይሄ በሰከንድ 100 ሜጋባይት፣ ያ 550 ሜጋባይት" ይላሉ፣ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። እሱ ትልልቅ ፋይል ኮፒ ስታደርጊ የሚታይ ልዩነት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ፕሮግራም ሲከፈት፣ ፎልደር ስትጫኚ የሚሰማሽ ልዩነት ግን ከላይ ያልኩሽ የፍለጋ ጊዜ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ሰው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ ሲያስገባ "አዲስ ኮምፒውተር የገዛሁ መሰለኝ" የሚለው ዝም ብሎ አይደለም።

እንግዲህ ሃይብሪዱ የት ይገባል? ሃይብሪድ፣ በሌላ ስሙ ኤስኤስኤችዲ፣ ተራ ሀርድ ዲስክ ነው። ያው ሳህን፣ ያው ክንድ፣ ያው ቅርቅርታ። የተጨመረለት ነገር ቢኖር ሰሌዳው ላይ የተለጠፈች ትንሽ ፍላሽ ሜሞሪ ናት። የዲስኩ የራሱ ውስጠ ሶፍትዌር ቶሎ ቶሎ የምትጠሪው የዲስኩ ክፍል የቱ እንደሆነ እያየ የዚያን ኮፒ ፍላሿ ላይ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ስትጠይቂ ክንዱን ሳይልክ ከፍላሿ ይሰጥሻል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ዊንዶውስን ከፍላሿ ያስነሳልሻል ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው ፍላሿ ስንት ናት የሚለው ነው። በገበያ ላይ በብዛት የተሸጡት ሃይብሪዶች ላይ 8 ጊጋባይት ናት። 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 8 ጊጋባይት፣ ከ125 አንድ እጅ። ካርቶኑ ላይ "ሀርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ባንድ ላይ" የሚል ነገር ስታነቢ ግማሽ በግማሽ የሆነ ሊመስልሽ ይችላል፣ እንደዛ አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ስለዚህ ረጋ ብለሽ አስቢበት።

8 ጊጋባይት ዊንዶውስ ሲነሳ ለሚያነበው ይበቃል፣ በየቀኑ ለምትከፍቻቸው ሁለት ሦስት ፕሮግራሞችም ምናልባት ይበቃል። ስለዚህ ሃይብሪድ የገዛ ሰው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ልዩነቱን በእርግጥ ያየዋል። ግን ወዲያው አይደለም። ዲስኩ ልማድሽን መማር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ልክ እንደ ተራ ሀርድ ዲስክ ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ ካስነሳሽው በኋላ ይፈጥናል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስትጭኚ እንደገና ከዜሮ ይማራል። ትልቅ አፕዴት ሲመጣም ፋይሎቹ ስለሚቀየሩ፣ ፍላሿ ላይ የተቀመጠው የድሮው ኮፒ ዋጋ የለውም።

ድሮ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሃይብሪድ ገጥሜለት ነበር። አጠገቡ ሆኜ በስልኬ ሰዓት እየለካን ላፕቶፑን ደጋግመን አስነሳነው። የመጀመሪያው ከአሮጌው ዲስክ ምንም አይለይም፣ ፊቱ ላይ ቅር መሰኘቱን አየሁ። በሦስተኛው ግን ዴስክቶፑ ድቅን አለ፣ ደስ አለው። ከዚያ ሰንበትበት ብሎ "እንደገና ቀዘቀዘ" ብሎ መጣ። ላፕቶፑን ተቀብዬ ሳይ፣ ድሮ ከማይከፍታቸው ፕሮግራሞች ጋር እየሠራ ነው፣ ፋይሎቹም በዝተዋል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ሥራው ከ8 ጊጋባይቷ በላይ ሆኖ ነው እንጂ።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ እንምጣ። አንድ ዝግጅት አንስተሽ ስትመለሺ ስንት ፎቶ ይዘሽ ትመጫለሽ? 800 እንበል። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት ፎርማት ካነሳሽ አንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 20 ጊጋባይት ነው። ያ ሁሉ አዲስ ነው፣ ዲስኩ አይቶት አያውቅም። ሃይብሪድ የሚያፈጥነው ደግሞ ደጋግመሽ ያነበብሽውን ብቻ ነው። አዲስ ፎቶ የመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ከሳህኑ ነው የሚመጣው፣ በክንዱ። ከሜሞሪ ካርዱ ወደ ዲስኩ ስትገለብጪም በመሠረቱ ሳህኑ ላይ ነው የሚጻፈው። ላይትሩምን የመሰለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ትንንሽ ማሳያ ምስሎችን ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ይጽፋል፣ ያነባል። ፎቶ ከፎቶ እያለፍሽ ስትመርጪ ምስሉ ደብዝዞ ቆይቶ የሚጠራው እዚያ ጋ ነው። ሃይብሪዱ እዚያ አይደርስልሽም። ሄዶ ሄዶ የሚረዳሽ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍቺ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቂው ደግሞ ፎቶው ጋ ነው።

ቪዲዮ የሚሠራ ሰውም፣ ትልልቅ ጌም የሚጫወትም ያው ነው። ዛሬ አንድ ጌም ብቻውን 100 ጊጋባይት ሲያልፍ 8 ጊጋባይት የት ትደርሳለች?

የፍላሿ መጠን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ አፕል ባደረገው ነገር ማየት ይቻላል። በ2012 ፊውዥን ድራይቭ ብሎ ሲያወጣ 1 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ከ128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ጋር አጣምሮ ነበር፣ ያ በደንብ የሚሰማ ፍጥነት ነበረው። በ2015 ግን በ1 ቴራባይቱ ላይ የኤስኤስዲውን መጠን ወደ 24 ጊጋባይት አወረደው። ስሙ ያው ፊውዥን ድራይቭ፣ ነገሩ ግን ሌላ። እና 24 ትንሽ ከተባለች 8ን ምን እንበላት?

ታሪኩን ካነሳሁ አይቀር፣ ለግዢሽ የሚጠቅም ነገር ስላለው ትንሽ ልጨምር። ሃይብሪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በዊንዶውስ ቪስታ ዘመን ነው፣ በ2007፤ ያኔ ፍላሿ 256 ሜጋባይት ነበረች፣ ማንም ሳይሰማው አለፈ። ስሙን ያስጠራው ሲጌት የተባለው ዲስክ አምራች ያወጣው ሞመንተስ ኤክስቲ ነው፣ በ2010 በ4 ጊጋባይት ፍላሽ መጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት 8 ሆነ። በ2013 ሲጌት ለላፕቶፕም ለዴስክቶፕም ኤስኤስኤችዲ እያለ አወጣቸው። በ2016 ፋየርኩዳ የሚለውን ስም ሰጣቸው። ፍላሿ አሁንም ያው 8። ይህን ልብ በይ፣ ከ2011 እስከ 2016 የኤስኤስዲ ዋጋ እየወረደ፣ መጠኑ እየጨመረ ሄደ፣ የሃይብሪዷ ፍላሽ ግን ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ሃይብሪድን የገደለው ይህ ነው። መጀመሪያ የተሠራው "ኤስኤስዲ አቅሜ አይፈቅድም፣ ሀርድ ዲስክ ደግሞ ይዘገይብኛል" ለሚል ሰው ነበር፣ መካከለኛ መንገድ። ኤስኤስዲው ሲረክስ መካከል የሚባል ነገር ጠፋ።

ስለዚህ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምታገኚው ሃይብሪድ ወይ ዓመታት የተቀመጠ ነው፣ ወይ ከሌላ ኮምፒውተር የወጣ ነው። ሌላም አለ። ፋየርኩዳ የሚለው ስም በኋላ ለኤስኤስዲዎችም፣ ምንም ፍላሽ ለሌላቸው ሀርድ ዲስኮችም ተሰጥቷል። ሻጩ "ፋየርኩዳ ነው፣ ሃይብሪድ ነው" ቢልሽ ስሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሞዴል ቁጥሩን ከዲስኩ ላይ አንብበሽ የአምራቹን መግለጫ ፈልጊ፣ እዚያ ላይ የፍላሹ መጠን ካልተጻፈ ሃይብሪድ አይደለም።

ታዲያ ምን ልግዛ ካልሽኝ፣ ሁለቱን ችግር ለያይተሽ ፍቺ። ፍጥነትን በኤስኤስዲ፣ ቦታን በውጭ ሀርድ ዲስክ። ላፕቶፑ ውስጥ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይግባ። ዊንዶውስ፣ ፕሮግራሞችሽ፣ አሁን በእጅሽ ያለው ሥራ እዚያ ይቀመጥ። ተሠርቶ ያለቀው፣ ለደንበኛ የተላከው፣ ድሮ የተነሳው ሁሉ በዩኤስቢ ወደሚሰካ 1 ወይም 2 ቴራባይት ተራ ሀርድ ዲስክ ይሂድ። ያለቀ ሥራን በወር አንዴ ነው የምትከፍቺው፣ እዚያ ላይ ክንዱ ቢያቅማማ ማን ይጎዳል? ገንዘቡ ለሁለቱም ባንዴ ካልበቃሽ በኤስኤስዲው ጀምሪ። 240 ወይም 256 ጊጋባይትም ቢሆን ከ1 ቴራባይት ሃይብሪድ ይሻልሻል፣ ከላፕቶፑ የወጣውን የድሮ ዲስክ ደግሞ በዩኤስቢ መያዣ ከተሽ ለጊዜው ትገለገይበታለሽ።

የቱ ዓይነት ኤስኤስዲ እንደሚገባ ላፕቶፑ ነው የሚወስነው። አሁን ያለው ሀርድ ዲስክ ባለ 2.5 ኢንቹ ከሆነ፣ ያንን ነቅለሽ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በቦታው መሰካት ነው (ሳታ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት የተለመደው መንገድ ነው)፣ ሶኬቱ አንድ ዓይነት ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ግን ከሀርድ ዲስኩ ሌላ ኤም ዶት ቱ የሚባል ቀጭን ማስገቢያ አላቸው፣ ማስቲካ የምታክል ካርድ ነው የሚገባበት፣ ብዙ ጊዜ 22 በ80 ሚሊሜትር። ያ ካለሽ እድለኛ ነሽ፣ ሀርድ ዲስኩን ሳትነቅዪ ኤስኤስዲ ትጨምሪበታለሽ፣ ሁለቱም ውስጥ ይሆናሉ። ብቻ ተጠንቀቂ፣ ኤም ዶት ቱ ቅርጹ ነው እንጂ ቋንቋው አይደለም። አንዳንዱ ማስገቢያ ሳታ ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ከሳታ የፈጠነውን ኤንቪኤምኢ የሚባለውን መንገድ ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም፣ ጭራሽ ለዋይፋይ ካርድ ብቻ የሆነም አለ። የተሳሳተውን ከገዛሽ ልክ ገብቶ፣ ብሎኑም ታስሮ፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ሲዲ ማጫወቻ ካለው ደግሞ እሱን አውጥቶ በቦታው ዲስክ የሚይዝ ፍሬም ማስገባት ይቻላል፣ ፍሬሙ በ9.5 እና በ12.7 ሚሊሜትር ውፍረት ስለሚመጣ ለክተሽ ግዢ። እንደዛ ካደረግሽ ኤስኤስዲውን በዋናው ቦታ፣ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ በሲዲው ቦታ አድርጊ።

ኤንቪኤምኢ በሰከንድ 3,500 ሜጋባይት ያነባል፣ ሳታው 550 ብቻ ነው ብለው ቢያስጎመጁሽ አትጨነቂ። ላፕቶፕሽ ሳታ ብቻ ከሆነ ሳታው ይበቃሻል። ከሀርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ስትሻገሪ የሚሰማሽን ያህል ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትሻገሪ አይሰማሽም፣ የፍለጋው ጊዜ አስቀድሞ ጠፍቷልና።

"ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል ይባላል" ያልሽው ነገር አለ። እውነት ነው፣ የፍላሽ ሜሞሪ ሴል የሚጻፍበት ጊዜ ገደብ አለው። ግን ገደቡ የት እንዳለ እንይ። ለምሳሌ ሳምሰንግ 870 ኢቮ የሚባለው ባለ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዋስትናው አምስት ዓመት ወይም 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። አንቺ በየቀኑ፣ እሑድን ጨምሮ፣ 30 ጊጋባይት ብትጽፊበት 10,000 ቀን ማለት ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመት። ላፕቶፑ ራሱ ቀድሞ ያረጃል።

የኤስኤስዲ እውነተኛ ጉዳቱ ሌላ ነው፣ እና ይህን ፎቶ አንሺ ሁሉ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሀርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሲሞት አስጠንቅቆ ነው፣ ይጮሃል፣ ይንቀራፈፋል፣ አንዳንድ ፋይል አልከፍት ይላል፣ ያኔ ሮጠሽ ታድኚበታለሽ። ኤስኤስዲ ደህና ሲሠራ አድሮ ጠዋት ጭራሽ አለመነሳት ይችላል። በስህተት የተደመሰሰ ፋይልም ከሀርድ ዲስክ ላይ በፕሮግራም ሊመለስ የሚችልበት እድል አለ፣ ከኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ስለሚልክ የተደመሰሰው ወዲያው ይጸዳል። እንዲሁም ኤስኤስዲን ለዓመታት ከኤሌክትሪክ ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ለማህደርነት ማስቀመጥ አይመከርም። ስለዚህ የውጭው ሀርድ ዲስክ ለቦታ ብቻ አይደለም የሚያስፈልግሽ፣ እያንዳንዱ የደንበኛ ፎቶ ሁለት ቦታ እንዲኖር ነው። ካርዱን ከመደምሰስሽ በፊት ኤስኤስዲው ላይም የውጭው ዲስክ ላይም መግባቱን አረጋግጪ።

ሃይብሪድ ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። ዲስክ ማስገቢያው አንድ ብቻ የሆነ ላፕቶፕ ያለው፣ ትልቅ ቦታ ውስጡ የግድ የሚፈልግ፣ በየቀኑ ያንኑ ጽሑፍና ያንኑ ብሮውዘር የሚከፍት ሰው፣ ሃይብሪዱን በነጻ ወይም በተራ ሀርድ ዲስክ ዋጋ ካገኘ ይውሰደው፣ ይጠቅመዋል። አንዳንድ ጌም ማጫወቻ ኮንሶል ላይም ሰዎች ተጠቅመውበታል። ከሀርድ ዲስክ በላይ ዋጋ ከተጠየቀበት ግን ያቺን ልዩነት ለኤስኤስዲ ያስቀምጥ።

ይህን ሁሉ ሰምተሽም ሃይብሪዱን ለመግዛት ከወሰንሽ፣ ሦስት ነገር ሳታዪ ገንዘብ እንዳትሰጪ። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ የ2013ቱ ባለ 1 ቴራባይት የላፕቶፕ ኤስኤስኤችዲ 9.5 ሚሊሜትር ነው፣ ላፕቶፕሽ የሚቀበለው 7 ብቻ ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ሁለተኛው የአጻጻፉ ዓይነት ነው። የላፕቶፕ ፋየርኩዳ ሃይብሪዶች ኤስኤምአር በሚባለው ዘዴ ነው የሚጽፉት፣ መስመሮቹ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጫፍ ለጫፍ ይደራረባሉ። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን አንዱን መስመር ለመቀየር ጎረቤቶቹም እንደገና መጻፍ ስላለባቸው ዲስኩ ሲሞላና ብዙ ፎቶ ባንዴ ሲገለበጥበት በድንገት ይንገዳገዳል። ለአንቺ ሥራ መጥፎ ነው። ሦስተኛው እድሜው ነው። አንድ ጊዜ "አዲስ ነው፣ ከካርቶን የወጣ" የተባልኩትን ዲስክ ቤት ወስጄ የዲስክን ጤና በሚያሳየው፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሳየው የሠራበት ሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ፊት ሰክቼ ያንን ቁጥር ሳላይ ከሱቅ አልወጣም። አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ ኤስኤስዲም ስትገዢ።

ኤስኤስዲው ሲገባ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ብትጭኚው እመርጣለሁ። የድሮውን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ (ክሎን ማድረግ) ይቻላል፣ ክሎንዚላ የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ፣ ግን ያንቺ ዲስክ ጢም ብሎ ስለሞላ፣ ደግሞ 500 የሚባለው ኤስኤስዲ አንዳንዴ 480 ስለሚሆን፣ መጀመሪያ ፎቶዎቹን አውጥተሽ የዲስኩን ክፍል (ፓርቲሽኑን) ማሳነስ ይኖርብሻል። ያን ሁሉ ከምትደክሚ አዲሱ ይቀላል። ከመጫንሽ በፊት ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ ሳታው ኤኤችሲአይ (AHCI) በሚለው አሠራር ላይ መሆኑን እዪ። ዲስኩን ለመንቀል ትንሽዬ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይበቃሻል፣ ባትሪውን ግን መጀመሪያ ንቀዪ ወይም ግንኙነቱን አላቅቂ፣ የብሎኖቹንም ቦታ በስልክ ፎቶ አንሺ፣ ርዝመታቸው ይለያያል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። ላፕቶፑ "ከጊዜ ወደ ጊዜ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነው ጭራሽ የባሰበት" ብለሻል። ሀርድ ዲስክ በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው፣ በሁለት ሳምንት ግን እንዲህ አይለወጥም። መሙላቱም አስተዋጽኦ አለው፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሳህኑ ላይ የተበላሸ ቦታ ተፈጥሮ ጭንቅላቱ ደጋግሞ ለማንበብ እየሞከረ እንዳይሆን ነው። ያንኑ ክሪስታልዲስክኢንፎ ጫኚና ክፈቺው። ከላይ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ከዝርዝሩ ውስጥ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች እዪ። ሲ5 ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው። ያኔ ስለ ሃይብሪድም ስለ ኤስኤስዲም ማሰቡን ተዪና መጀመሪያ ፎቶዎቹን አውጪ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) አታድርጊ፣ ቼክዲስክ የሚባለውን የዲስክ ስህተት መፈለጊያ አታስጀምሪ፣ ዊንዶውስም አትጫኚ፣ እነዚህ ሁሉ የደከመውን ዲስክ ያስሮጡታል። ከሰው የውጭ ዲስክ ተበደሪ፣ ደንበኛ ገና ያልተረከበውን ሥራ አስቀድሚ፣ ከዚያ የቤተሰብሽን፣ ከዚያ የቀረውን።

እሱን ዛሬውኑ እዪውና ቀለሙ ምን እንደሆነ ጻፊልኝ። ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥርም አብረሽ ላኪልኝ፣ ኤም ዶት ቱ ማስገቢያ እንዳለውና የቱን ዓይነት እንደሚቀበል አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ምንም እንዳትገዢ።